እንገሩ፣ እርጎውና የፋርማሲው ዱቄት



በምሥራቅ ህንድ፣ በኦዲሻ ግዛት ገጠሮች፣ በሺህ የሚቆጠሩ አራስ ሕፃናት በተወለዱ ከሁለት እስከ አራት ቀናቸው አንድ ያልተለመደ ነገር መዋጥ ጀመሩ። እንክብሉ ይከፈታል፣ ዱቄቱ በጥቂት ፈሳሽ ይበጠበጣል፣ ከዚያም ጡት እየጠባ ባለው ሕፃን አፍ ውስጥ ጠብ ይደረጋል። በቀን አንዴ፣ ለሰባት ቀን ብቻ። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ ሕያው ባክቴሪያ አለ። አብሮት 150 ሚሊ ግራም ስኳር አለ፤ ስኳሩ ግን የሰው አንጀት ሊፈጨው የማይችል ዓይነት ነው።

ጥናቱን የመሩት ፒናኪ ፓኒግራሂ ናቸው፤ ውጤቱ በ2017 “ኔቸር” በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ (በዚህ ዲስኩር ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 4,556 ሕፃናት ተካፍለውበታል። ባክቴሪያ የሌለበት ዱቄት ከተሰጣቸው መካከል 9 በመቶው በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ በደም መመረዝ ታመዋል ወይም ሞተዋል። ባክቴሪያውንና ስኳሩን ካገኙት መካከል ይህ የደረሰው በ5.4 በመቶው ላይ ነው። ቅናሹ 40 በመቶ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ገና በመሃል ጎልቶ ስለወጣ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ለአንድ ሕፃን የወጣው ወጪ አንድ ዶላር ገደማ ነበር።

እንዲህ ያለ ወሬ እግር አለው። ከኦዲሻ ተነሥቶ ወደ መድኃኒት አስመጪው ማስታወቂያ፣ ከዚያም ወደ ፋርማሲው መደርደሪያ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ግን ቃሉ ተለውጦ ነው፤ “ለልጅዎ ጤናማ እድገት” የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። የኦዲሻ ተመራማሪዎች የጠየቁት ሕፃኑ በደም መመረዝ ይታመማል ወይ፣ ይሞታል ወይ የሚለውን እንጂ ቁመቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ጨመረ የሚለውን አልነበረም። የዛሬው ዲስኩር የሚያተኩረው በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ባለው ሰፊ ክፍተት ላይ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ አይደለም። በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው፤ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በታች ነው ማለት ነው። መንግሥት በ2015 ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል። ከሦስት ልጅ ከአንድ በላይ በቀነጨረበት አገር “እድገት” የሚል ቃል የተጻፈበት ቆርቆሮ ገዢ አያጣም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት የሁለት ስሞችን፣ የፕሮባዮቲክንና የፕሪባዮቲክን፣ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ፕሮባዮቲክ የሚባለው፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች በ2001 በሰጡት ትርጓሜ፣ በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና ጥቅም የሚሰጥ ሕያው ተሕዋስ ነው። ፕሪባዮቲክ ደግሞ ሕያው አይደለም፤ በአንጀት ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚመገቡት፣ እኛ የማንፈጨው ምግብ ነው። እንጀራ ጋጋሪ እናት በአንድ ዓረፍተ ነገር ትረዳዋለች፦ አንደኛው እርሾው፣ ሁለተኛው ዱቄቱ ነው። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲሰጡ፣ በኦዲሻ እንደተደረገው፣ ሲንባዮቲክ ይባላሉ።

የሕፃን አንጀት ባክቴሪያ ታሪክ የሚጀምረው ደግሞ፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ ከሕፃን ዓይነ ምድር ነው። ጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም ቴዎዶር ኤሸሪክ በ1885 ከአራስ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ያገኘው ባክቴሪያ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ኢ ኮላይ የምንለው ነው፣ ኢው የሚወክለው ኤሸሪኪያን ነው። ከ14 ዓመት በኋላ በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ሄንሪ ቲሲዬ ጡት ከሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ጫፋቸው እንደ መንሽ የተሰነጠቀ ባክቴሪያዎችን ለየ። ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ቲሲዬ እነዚህን ባክቴሪያዎች ተቅማጥ ላለባቸው ሕፃናት ቢሰጧቸው ይሻላል የሚል ሐሳብ ያቀረበው ገና በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ነበር። እንግዲህ ፋርማሲው ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚሸጠው ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው።

ቲሲዬ ያላወቀው ግን እነዚያ ባክቴሪያዎች ለምን ጡት በሚጠባው ሕፃን ላይ እንደሚበዙ ነው። መልሱ የተገኘው ከእናት ወተት ውስጥ ነው።

በአንድ ሊትር የእናት ጡት ወተት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ግራም የሚደርስ፣ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል ስኳር አለ። ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ በመጠን ሦስተኛው የወተቱ ጠጣር ክፍል ነው። ከ150 በላይ ዓይነት አለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚወጣው ቢጫ እንገር ውስጥ ደግሞ መጠኑ ከዚህም ይበልጣል። አንዲት አራስ፣ ያውም በወሊድ የደከመች፣ ከሰውነቷ ጉልበት ቀንሳ ልጇ የማይፈጨውን ነገር ለምን ትሠራለች? ለረጅም ጊዜ ሳይንቲስቶችን ግራ ያጋባ ጥያቄ ነበር። በ1950ዎቹ የሃንጋሪ ተወላጁ የሕፃናት ሐኪም ፖል ጂዮርጂና ጀርመናዊው ኬሚስት ሪቻርድ ኩን ያረጋገጡት ነገር ስኳሩ የቢፊዶባክቴሪያ ምግብ መሆኑን ነው። በተለይ ቢፊዶባክቴሪየም ኢንፋንቲስ የተባለው ዝርያ ይህን ስኳር አንድ በአንድ ወደ ውስጡ አስገብቶ የሚሰባብርበት የተሟላ መሣሪያ አለው። በምላሹ አንጀቱን አሲዳማ ያደርገዋል፤ ተቅማጥ አምጪዎቹ ደግሞ አሲድ አይወዱም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፕሪባዮቲክ በቆርቆሮ አልመጣም። ይህ ከታወቀ በኋላም በአንዳንድ ቤት እንገሩ “ቆሻሻ ነው፣ ሆድ ያሳምመዋል” ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ ሕፃኑ በፋንታው ቅቤ ይውጣል፣ ወይም ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይሰጠዋል። ቅቤ የምታስውጠው አያት ክፋት የላትም፤ የራሷም እናት ያደረገችው ይህንኑ ነው። ግን በዚያች ቀን ከሕፃኑ አንጀት የሚቀረውን ነገር በገንዘብ ለመተካት የዱቄት ወተት ፋብሪካዎች ለዓመታት ደክመው የተሳካላቸው ከ150ዎቹ ጥቂቶቹን ብቻ አምርቶ መጨመር ነው። ዋጋውም ቆርቆሮው ላይ ይነበባል። በ2019ኙ ዳሰሳ መሠረት ከስድስት ወር በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶው ናቸው።

አሁን ወደ እድገት እንምጣ።

በማላዊ፣ ብላንታየር ከተማ፣ 795 በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በአንድ ትልቅ ጥናት ተካተቱ። ሁሉም ፕላምፒ ነትን የመሰለ የለውዝ ቅባት አልሚ ምግብ ተሰጣቸው፤ የግማሾቹ ምግብ ውስጥ ግን አራት ዓይነት ባክቴሪያና አራት ዓይነት ፕሪባዮቲክ ተቀላቀለበት። ተስፋው ትልቅ ነበር። ውጤቱ በ2009 “ላንሴት” ላይ ሲወጣ፣ ባክቴሪያ ካገኙት ያገገሙት 53.9 በመቶ፣ ካላገኙት 51.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በስታቲስቲክስ ቋንቋ ይህ ልዩነት የለም ማለት ነው። ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ኤችአይቪ በደማቸው ስለነበር ነገሩን ያወሳሰበው ይሆናል፤ ሆኖም የተጎዳ ልጅ ባክቴሪያ ስለተጨመረለት ብቻ ቶሎ እንደማያገግም ጥናቱ በግልጽ አሳይቷል።

ከባድ ጉዳት ባልደረሰባቸው ልጆች ላይስ? በዴልሂ ዳርቻ 624 ታዳጊዎች ለአንድ ዓመት ወተት ጠጡ፤ የግማሾቹ ወተት ቢፊዶባክቴሪየም ላክቲስና ፕሪባዮቲክ ተጨምሮበታል። የብረት ማዕድን እጥረታቸው ቀነሰ፤ ክብደታቸው ግን ከሌሎቹ የበለጠው በዓመት 130 ግራም ገደማ ነው። የአንድ ፍሬ ብርቱካን ክብደት ያህል መሆኑ ነው። በኢንዶኔዥያ 494 ልጆች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ሁለት የላክቶባሲለስ ዝርያዎች ለየብቻቸው በወተት ተሞከሩ። ሩተሪ የተባለው ክብደትና ቁመትን በመጠኑ አሻሻለ፤ ካዜይ የተባለው ከወርሃዊ የክብደት ጭማሪ በቀር ብዙ አልፈየደም። ወተቱ አንድ ነው፣ የልጆቹ ኑሮ አንድ ነው፣ ባክቴሪያው ብቻ ተለየ። “ፕሮባዮቲክ ልጅ ያሳድጋል ወይ?” የሚለው ጥያቄ “መድኃኒት ያድናል ወይ?” ብሎ እንደመጠየቅ ነው። የትኛው? ለማን? በስንት ዓመቱ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም አጥብቀው የያዙት በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ጎርደንና በዳካ፣ ባንግላዴሽ፣ በታህሚድ አህመድ የሚመሩት ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ2014 ያሳዩት ነገር ብዙዎችን አስደነቀ፦ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ አንጀት ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ስብስብ ከልጁ ዕድሜ ያነሰ ነው። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ የጥቂት ወራት ሕፃን ዓይነት አንጀት ይዞ ይገኛል። በአልሚ ምግብ ሲታከም ክብደቱ ይመለሳል፤ የአንጀቱ ባክቴሪያ ግን ሕክምናው ካበቃ በኋላ ተመልሶ ወደ ኋላ ይቀራል።

ከዚያ የተነሣው የ2022 ሙከራ ጠባብ ነበር፣ ግን አስተማሪ ነው። ከሁለት እስከ ስድስት ወር ዕድሜ ያላቸው፣ ክፉኛ የከሱ 62 የባንግላዴሽ ጨቅላዎች ቢፊዶባክቴሪየም ኢንፋንቲስ ከአንጀታቸው ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። ለ28 ቀን ኢቪሲ001 የተባለው የዚህ ባክቴሪያ ዝርያ ሲሰጣቸው ካልተሰጣቸው የተሻለ ክብደት ጨመሩ፤ የአንጀታቸው መቆጣትም ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ በዚህ አላቆሙም። ኢቪሲ001 ገበያ ላይ የዋለ የአሜሪካ ምርት ነው፤ እነሱ ደግሞ ከባንግላዴሽ ሕፃን ያገኙት ሌላ የኢንፋንቲስ ዝርያ ነበራቸው። ሁለቱን በአይጦች ላይ ሲያወዳድሩ፣ የጡት ወተት ባነሰበት የባንግላዴሽ ሕፃናት አመጋገብ የአገሬው ዝርያ በልጦ ተገኘ፤ ከወተት ሌላ ከእህልና ከአትክልት የሚመጣውንም መብላት ስለሚችል ነው።

ያው ኢቪሲ001 ሌላም ዜና አለው፣ ይኼኛው የሚያሳዝን ነው። በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ላከ። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ከአንድ ኪሎ ግራም በታች የሚመዝን ጨቅላ፣ ሆስፒታል ውስጥ ይህንኑ ባክቴሪያ ከወሰደ በኋላ በደም መመረዝ ሞተ፤ በደሙ የተገኘው ባክቴሪያ በዘረመል ምርመራ ከተሰጠው ጋር አንድ ሆኖ ወጣ። ዳካ ላይ የሦስት ወር ሕፃን ያወፈረ ተሕዋስ፣ አንጀቱ ገና ባልጠና ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይ መርዝ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለዱና የእናት ወተት ለሚያገኙ ጨቅላዎች ፕሮባዮቲክ “ሊታሰብበት ይችላል” ብሏል፤ ምክንያቱም በነዚህ ሕፃናት ላይ የአንጀት መቁሰልና መበስበስ የሚያመጣውን ሕመም እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ብዙ ጥናቶች አሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በበኩሉ ለሁሉም እንዲሰጥ አልደገፈም። ሁለቱም ተመሳሳይ ጥናቶችን አንብበው ነው። ወላጅ ከዚህ የሚወስደው ነገር አንድ ነው፤ ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ውሳኔው የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም እንጂ የፋርማሲ አይደለም።

ስለ ተቅማጥ በአጭሩ። በ2018 በአሜሪካ 971፣ በካናዳ 886 ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት በድንገተኛ ክፍል ፕሮባዮቲክ ወይም ባዶ ዱቄት ተሰጣቸው። በሁለቱም ልዩነት አልታየም። በኢትዮጵያ ለምለም በሚል ስም የሚታወቀው ኦ አር ኤስና ዚንክ ግን ርካሽም ናቸው፣ የተፈተኑም ናቸው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ የት መዋል እንዳለበት መከራከር አያስፈልግም።

እስቲ አንዱን ቆርቆሮ በእጅ ይዘን ጽሑፉን እናንብብ። “ላክቶባሲለስ” ብቻ ከተጻፈ ምንም አልተነገረም፤ በዚህ ስም የሚጠሩት ዓይነቶች በመቶ ይቆጠራሉ። “ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ” ከተባለም ገና ነው። “ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ” ወይም “ኤቲሲሲ 53103” እስከሚለው ድረስ ከተጻፈ ያኔ ጥናት የተደረገበት ዝርያ መሆኑን ማወቅ ይቻላል። ቀጥሎ የባክቴሪያው ቁጥር አለ፦ ሲመረት የነበረው ነው ወይስ የአገልግሎት ዘመኑ እስኪያልፍ የሚቆየው? አንዳንዱ ምርት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ወይም በበረሃ መንገድ በጭነት መኪና ተጉዞ የመጣ ሳጥን ውስጥ ስንቱ ሕያው እንደሆነ ጽሑፉ አይነግርም። የሞተ ፕሮባዮቲክ ደግሞ ውድ ዱቄት ነው። ማምረቻው ካልተጠበቀም አደጋ አለው፤ በ2014 አሜሪካ ውስጥ በሻጋታ የተበከለ ምርት የወሰደ ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ ሞቷል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ “እርጎ አለን አይደል?” ማለቱ አይቀርም። እርጎ በርግጥ በሕያው ባክቴሪያ የተሞላ ነው። በወይራ በታጠነ ቅል ውስጥ ጥሬው ወተት በራሱ ጊዜ ይረጋል፤ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ከቅሉና ከወተቱ ራሱ ይመጣሉ። ችግሩ ወተቱ ጥሬ መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሞገሴ አሸናፊ በ1990ዎቹ ሊስቴሪያን የመሰሉ በሽታ አምጪዎች በእርጎ ውስጥ ምን እንደሚሆኑ ለክተዋል፤ ጥያቄው መነሣቱ ራሱ መርጋት ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ያስታውሳል። ለትንሽ ልጅ የሚሻለው ወተቱን አፍልቶ፣ አብርዶ፣ ከፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሮ ማርጋት ነው። እሱም ቢሆን ለተጨማሪ ምግብ የደረሰ ልጅ ምግብ እንጂ የጡት ወተት ምትክ አይደለም። እንጀራና ቆጮ ላይ ደግሞ እሳቱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ የቡካታቸው ጥቅም ሌላ ነው፤ ብረትና ዚንክ ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል።

ፕሪባዮቲክም ቢሆን ከሌላ ነገር ጋር ሲቀናጅ ነው ዋጋው የሚታየው። በኬንያ የባሕር ዳርቻ ለ155 ሕፃናት ገንፎ ላይ የሚነሰነስ የብረት ዱቄት ለአራት ወር ተሰጠ። ብረቱ ብቻውን ሲሰጥ በአንጀት ውስጥ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በዙ፤ ጋላክቶ ኦሊጎሳካራይድ የተባለው ፕሪባዮቲክ ሲጨመርበት ግን ይህ ጉዳት ቀነሰ።

የጎርደን ቡድን ከባክቴሪያው ይልቅ ወደ ምግቡ ያዘነበለውም በዚህ መንገድ ነው። በዳካ የሚርፑር ድሃ ሠፈር፣ ከ12 እስከ 18 ወር ለሆናቸው፣ መካከለኛ የምግብ እጥረት ለደረሰባቸው 123 ሕፃናት ሁለት ዓይነት ምግብ ለሦስት ወር ተሰጠ። አንደኛው የተለመደው አልሚ ምግብ ነው። ሁለተኛው ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከለውዝና ካልበሰለ ሙዝ የተዘጋጀ፣ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ለማሳደግ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። ሁለተኛው በካሎሪ ያነሰ ሆኖ ሳለ ልጆቹ በተሻለ ፍጥነት ክብደት ጨመሩ። አራቱም ነገሮች መርካቶ ይሸጣሉ፤ የምግቡ አቀማመም፣ የዱቄቱ ልኬትና ከንጥረ ነገሮች ጋር መመጣጠኑ ግን በላቦራቶሪ የተሠራ በመሆኑ ቤት ውስጥ በግምት የሚቀላቀል አይደለም። በቁመት በኩል ደግሞ፣ ውጤቱ በ2021 ሲታተም፣ በነዚያ ሦስት ወራት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም።